በባዶ ቤት የተቆጠረ ውሃ

ባለፈው ጥቅምት አንድ ማለዳ ጎረቤቴ ከድር በሬን አንኳኳ። ከድር ዲላ ገበያ አጠገብ የሸቀጥ ሱቅ አለው፤ ከሱቁ ጀርባ ደግሞ የሚያከራያቸው አራት ክፍሎች ሠርቷል። የአንደኛው ክፍል ተከራይ ዕቃውን በባጃጅ ጭኖ ሄዷል፤ አዲሱ የሚገባው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

"እትዬ አስካለ፣ ዕድሜሽን የፈጀሽው በዚህ ሥራ ነው" አለኝ። "ውሃውንም መብራቱንም እይልኝ። ኋላ አንዱ በአንዱ ሲያላክክ እኔ መሐል ላይ እንዳልቀር።"

ጡረታ ከወጣሁ ዓመታት ቢያልፉም እንዲህ ሲሉኝ ደስ ይለኛል፤ አልደብቅም። ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ካቻቢቴዬን ከመሳቢያ አውጥቼ ሄድኩ። ባዶውን ክፍል አንኳኩቼ ገባሁ። ቧንቧዎቹን ሁሉ ዘጋሁ፤ የካቻቢቴውን ጫፍ ከቧንቧው ላይ አሳርፌ እጀታውን ጆሮዬ ላይ ደገፍኩና ዓይኔን ጨፈንኩ። ከድር ሳቀ።

"ምን ይልሻል?"

"ዝም ብሏል። ደህና ነው።"

"ይኼን ደግሞ ከማን ተማርሽ?"

"ከጋሽ ጅግሶ።"

"ከዚያ ከቁልፍ ሌባው?" አለ። ለክፋት አልነበረም። ነገሩ ሲሆን እሱ ገና አልተወለደም፤ ከተማው የሚለውን ነው የደገመው።

ክው አልኩ። ቁጥሩን በወረቀት ጽፌ ሰጥቼው ወደ ቤቴ ተመለስኩ።  ስለ ሥራ ዘመኔ አውሪ ብባል የማወራው ሞልቶኛል፤ አሁን ብዕር ያነሳሁት ግን ጋሽ ጅግሶ ሌባ ስላልነበረ ነው። ይህን በዓይኑ አይቶ ሊመሰክር የሚችል፣ ከእኔ በቀር በሕይወት ያለ ሰው የለም።

የቀበሌ ቤቶች ሠራተኛ ነበርኩ። ትርፍ ቤቶች ከተወረሱ በኋላ አብዛኛዎቹን ቀበሌው ነበር የሚያከራየው። አስተማሪው ይዛወራል፣ ቡና ገዢው ወቅቱ ሲያልቅ ይሄዳል፣ ወታደሩ በድንገት ይጠራል፤ ቤቱ ባዶውን ይቀራል። አንዱ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ቆጣሪ የሚያነብና ቁልፍ የሚይዝ ሰው ያስፈልግ ነበር። እኔን ለዚያ ቀጠሩኝ፤ በጊዜያዊነት። ደመወዜ ለእኔና ለእናቴ ይበቃ ነበር፤ ከዚያ በላይ አላወራበትም። "ጊዜያዊ" የሚለው ቃል ግን እንደ እሾህ ይወጋኝ ነበር። በማንኛውም ሰኞ "በቃሽ" ልባል እችል ነበር።

አለቃዬ ጋሽ ጅግሶ ነበር። የቡሌ ሰው ነው፤ ጌዴኦ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝናብ ቢዘንብም ባይዘንብም ካፖርቱን የማያወልቅ። ድሮ የቧንቧ ሠራተኛ ስለ ነበር ቢሮ መቀመጥ አይሆንለትም። አማርኛ የለመደው ካደገ በኋላ ነው፤ ወንድና ሴት ይቀላቀልበታል። እኔን "አንተ" ይላል፣ ቆጣሪውን "እሷ" ይላል። በመጀመሪያው ሳምንት እሥቅ ነበር፤ ኋላ ጆሮዬ ለመደው።

አሠራሩን ያስተማረኝ በአፉ አይደለም፤ ሲሠራ እያየሁ ነው። የቆጣሪውን መስታወት በካፖርቱ ጫፍ ይወለውላል፤ ቁጥሩን ድምፁን አውጥቶ ያነባል፤ ዞር ብሎ ይቆይና እንደ አዲስ ያነባል። ሁለቱ ካልገጠሙ አልጽፍም። ቀጥሎ ቧንቧው ሁሉ ተዘግቶ ትንሿን ቀይ መርፌ ቁጭ ብለን እናያታለን። ከተንቀሳቀሰች የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው። ካልተንቀሳቀሰች ዋናውን መዝጊያ ይዘጋል፤ የመብራቱን ባልቦላ ይነቅልና በወረቀት ጠቅልሎ የቤቱን ቁጥር ይጽፍበታል። በመጨረሻም ያ የካቻቢቴው ነገር አለ፤ ጆሮውን ደግፎ ያዳምጣል።

ባዶ ቤት ሲገባ ደግሞ ሁልጊዜ ያንኳኳል። አንድ ቀን "ባዶ ቤት ይንኳኳል እንዴ ጋሼ?" አልኩት።

"ባዶ መሆኗን ማን ነገረህ?" አለኝ። "ወረቀት ነው የነገረህ። ሰው ግን ረስቶ የሚመለስ አለ።"

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር አንድ ቡና ገዢ ቤት ለቀቀ። የዚያን ዕለት ውሃ ጠፍቶ ስለ ነበር ሰውዬው ቧንቧውን ከፍቶ ሞክሮ፣ እንደ ከፈተው ትቶት ሄዷል። እኔም ከቧንቧው ምንም ስለማይወርድ ዋናውን መዝጊያ ሳልዘጋ ወጣሁ። ማታ ውሃው መጣ። በሦስተኛው ቀን የጎረቤት ሰዎች "ጭቃው ደጃችን ደረሰ" ብለው ጠሩን። ግድግዳው እስከ ጉልበት ርሷል፤ ምርጊቱ ይረግፋል። አለቀስኩ። ጋሽ ጅግሶ ካፖርቱን አወለቀ፤ ካፖርት ሲያወልቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሁለታችንም በጆንያ ስንጠርግ ዋልን።

"ውሃ የሌለች ቀን ነው ቧንቧን መፍራት" አለኝ። "ሲኖርማ ራሷ ትነግርሃለች።" ለቀበሌው ሊቀ መንበር ግን ጥፋቱ የራሱ እንደ ሆነ አድርጎ ነገረልኝ።

ይህን የማወራው የፍርሃቴ ምንጭ እንዲገባችሁ ነው። የሚወጣው ተከራይ እስከ ወጣበት ቀን ላለው ይፈርማል፤ የሚገባው ከገባበት ቀን ጀምሮ ነው። በመሐል ባዶ ቤት የቆጠረው የማንም ስላልሆነ በቁልፍ ያዥዋ ላይ ይወድቃል። ቁልፍ ያዥ ደግሞ እኔ ነኝ፤ ከወንበሬ ጀርባ በሰሌዳ ላይ በየምስማሩ የተንጠለጠሉት ቁልፎች ሁሉ በእኔ ፊርማ ነበሩ። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ከባዶ ቤት ውሃ በባልዲ ይሸጣል ተብሎ ታስሮ ተባሯል። ሸጦ ይሁን አይሁን አላውቅም። ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ግን እሱ ነበር ትዝ የሚለኝ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። የከድር አባት፣ ሀጂ እንላቸው የነበሩት ነጋዴ፣ ከተወረሱባቸው ቤቶች አንዱ ሰፊ ግቢ ያለው ነበር። በጓሮው፣ ውሃ ለሚጠፋበት ቀን ብለው ያሠሩት የሲሚንቶ ገንዳ አለ፤ ሰው ቢገባበት እስከ ደረት ይደርሳል። ተከራዩ ወደ አዋሳ ተዛውሮ ሄደና ቤቱ ሁለት ወር ያህል ባዶ ቆመ።

"ይቺን ቤት ተዋት፤ እኔ አነባታለሁ" አለኝ ጋሽ ጅግሶ። ቅዳሜ ጠዋት ይመጣና "ቁልፉን ስጠኝ፣ መዝጊያዋን ልይ" ይላል። ከምስማሩ አውርጄ እሰጠዋለሁ። ከተከራይ ጋር ለአንዲት ባልቦላ እንኳ የምንፈራረም ሰዎች፣ በሁለታችን መካከል ፊርማ የሚባል ነገር ትዝ ብሎንም አያውቅ።

አንድ ዓርብ ዕለት ደብዳቤ መጣ፤ አንድ የጤና ረዳት ሰኞ በዚያ ቤት ይገባል ይላል። ጋሽ ጅግሶ አጎቱ ሞቶበት ቡሌ ለቅሶ ላይ ነበር። ርክክቡን ማዘጋጀት ስለ ነበረብኝ ቁልፉን ይዤ ብቻዬን ሄድኩ። መስታወቱን ወልውዬ አነበብኩ፤ ዞር ብዬ ደግሜ አነበብኩ። ተከራዩ ሲወጣ ከጻፍኩት ጋር ሳስተያየው ዘጠኝ ሜትር ኩብ ውሃ ቆጥሯል። በተዘጋ ቤት ዘጠኝ ሜትር ኩብ።

 ያፈስ ይሆናል ብዬ ዋናውን መዝጊያ ከፍቼ ቀይዋን መርፌ ተቀምጬ አየኋት፤ ንቅንቅ አላለችም። ቧንቧው የሚያልፍበትን መሬት ከዳር እስከ ዳር በእግሬ እየረገጥኩ ሄድኩ፤ ደረቅ ነው። በካቻቢቴ አዳመጥኩ፤ ጸጥ ብሏል። ወደ ጓሮ ስዞር ግን ገንዳው እርጥብ ነው። ሲሚንቶው ላይ ውሃው የደረሰበት መስመር እስከ ደረት ድረስ ይታያል፤ ውስጡ አንድ በርጩማ ተቀምጧል፣ ወርዶ ለመውጫ የተደረገ።

ውሃ እያጠራቀመ የሚሸጥ ሰው አለ አልኩ። ቁልፉን ደግሞ ከእኔ ሌላ የሚወስደው አንድ ሰው ብቻ ነው። ያን የመሰለ ሰው ጠረጠርኩ። ጆንያ ይዞ ጭቃ የጠረገልኝን ሰው በባልዲ ውሃ ሲቸረችር በዓይነ ሕሊናዬ አየሁት።

አንድ ቀን ብታገሥ ኖሮ ቅዳሜ ይመጣና እጠይቀው ነበር። ፍርሃት ግን ትዕግሥት አያውቅም፤ የእኔ ፍርሃት ማለቴ ነው። ሰኞ ተከራዩ ሲፈርም ዘጠኙ ሜትር ኩብ አንገቴ ላይ ይቀራል፤ ጊዜያዊ ነኝ፤ ከእኔ በፊት የነበረው የት እንደ ደረሰ አውቃለሁ። ቢሮ ተመልሼ ሁለት መስመር ጻፍኩ፦ በተዘጋው ቤት ውሃ ተቆጥሯል፣ ገንዳው ተሞልቶ እንደ ነበር ምልክት አለው፣ ምክንያቱ አልታወቀም። የማንንም ስም አልጠራሁም። ሊቀ መንበሩ አነበበና "ጎበዝ፣ ንቁ ነሽ" አለኝ። እፎይ አልኩ። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ደስ ባለኝ፤ ግን እፎይ ብያለሁ።

በማግሥቱ ቅዳሜ ጋሽ ጅግሶ ከቡሌ ገባ። ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው። "እግዜር ያጥናህ ጋሼ" አልኩት። ራሱን ነቀነቀና እጁን ዘረጋ።

"ቁልፉን ስጠኝ፣ መዝጊያዋን ልይ።"

የሊቀ መንበሩ በር ገርበብ ብሎ ተከፍቷል፤ ወረቀት ሲያገላብጥ ይሰማኛል። "ትናንት ሪፖርት ጽፌያለሁ" ልለው ፈለግኩ። በጆሮው ልለው እችል ነበር። አላልኩትም። ንጹሕ ከሆነ ምንም አይገኝበትም፣ ጥፋተኛ ከሆነ ደግሞ ለራሱ ያውቃል ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ከምስማሩ አውርጄ በእጁ ላይ አስቀመጥኩለት። መዳፉ ከብርዱ የተነሳ ቀዝቅዞ ነበር። "ሻይ ጠጣ እንጂ፣ ፊትህ ገርጥቷል" አለኝና ወጣ።

የአብዮት ጥበቃዎች ከማለዳ ጀምሮ በግቢው ዙሪያ እንደ ነበሩ አላውቅም ነበር። እኩለ ቀን ላይ ሰዎች ይዘው ሲመጡ በቢሮው መስኮት አየኋቸው። ካፊያ ይጥል ነበር። ወንድም ሴትም አሥራ አንድ ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው ይራመዳሉ፤ ፊት ፊት ጋሽ ጅግሶ አለ። ከሰዎቹ ሦስቱ ከራስ ጸጉራቸው እስከ እግራቸው በስብሰዋል፤ አንዲት አሮጊት ቀሚሳቸው ገላቸው ላይ ተጣብቆ ይንቀጠቀጣሉ። በካፊያ እንዲህ አይበሰበስም። ውሃ የሚሸጥ ሰውም ገንዳ ውስጥ አይነከርም። ያን ጊዜ ገባኝ።

በዚያ ዘመን የጴንጤዎቹ ጸሎት ቤቶች ታሽገው ነበር። ወንዝ ወርዶ ማጥመቅ በሰው ሁሉ ፊት መቆም ነው። ጋሽ ጅግሶ እምነቱን አንድም ቀን ነግሮኝ አያውቅም፤ እኔም ጠይቄው አላውቅም። ተከራይ በሌለበት ቤት፣ ከተማው ሁሉ የረሳውን ገንዳ፣ ለጥምቀት ሦስት ቅዳሜ ሞልቶ ሦስት ቅዳሜ አፍስሷል። ቆጣሪውን ሳይቆጥር ማሳለፍ ይችል ነበር፤ እጁ ያውቃል። አላደረገውም። ቤቱ ከመከራየቱ በፊት የውሃውን ከኪሱ ሊከፍል አስቦ እንደ ነበር ከዚያ በኋላ ከጠረጴዛው መሳቢያ ባገኘሁት ብጫቂ ወረቀት አወቅኩ፤ ቁጥሮቹ በየቅዳሜው ተጽፈው ነበር።

ሊቀ መንበሩ ጠራኝ። ጋሽ ጅግሶ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ከንፈሩ ተሰንጥቋል።

"ቁልፉ በአንቺ ፊርማ ነው" አለኝ ሊቀ መንበሩ። "ማን ሰጠው?"

 አፌን ከመክፈቴ በፊት ጋሽ ጅግሶ ተናገረ።

"እሱ አያውቅም" አለ፤ እኔን ነው። "ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ ከምስማር ወሰድኩ። ሳያይ።"

"እውነት ነው?" ሊቀ መንበሩ ወደ እኔ ዞረ።

ጋሽ ጅግሶ አላየኝም። ጫማው ላይ ያለውን ጭቃ ነበር የሚያየው።

ዓይኔን በጨው አጥቤ "አዎ" አልኩ።

ሊቀ መንበሩ ጻፈና አስፈረመኝ። ወረቀቱ ላይ "ወሰደ" አላለም፤ "የመንግሥት ቤት ቁልፍ ሰርቆ" ይላል። ቃሏን አየኋት። ቁጥር ሁለት ጊዜ ሳላነብ የማልጽፍ ሴትዮ፣ ያቺን ቃል አንድ ጊዜ አንብቤ ፈረምኩ።

አሥሩ ሰዎች በስድስተኛው ወር ተፈቱ። እሱ ግን ሌላ ጥፋት አለበት ተብሎ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። በእምነቱ ሳይሆን በስርቆት ነው ከሥራ የተሰረዘው፤ የሃያ ዓመት አገልግሎቱ ገደል ገባ። እኔ በዚያው ዓመት ቋሚ ሆንኩ።

ከዚያ በኋላ ይርጋ ጨፌ ተዛወርኩ፤ ዓመታት ሠራሁ። የቁልፍ መዝገብ የሚባል ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ቁልፍ የሰጠ፣ ቁልፍ የተቀበለ፣ ምክንያት፣ ሰዓት፣ ፊርማ። አንዱ አለቃዬ "አስካለ ለጓዳዋ ቁልፍም እናቷን ታስፈርማለች" እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ሌሎቹ ሲስቁ እኔም እሥቅ ነበር። ሆዴ ግን ሌላ ነበር።

ዲላ ስመለስ ጋሽ ጅግሶ በየሰው ቤት ቧንቧ ይጠግን ነበር። መሥሪያ ቤቶች አይቀጥሩትም፤ አንዳንድ ቤትም ሲገባ ዕቃ ይሰበሰባል። አንድ ጊዜ የቤቴ ቧንቧ ሲያስቸግረኝ አስጠራሁት። ካፖርቱ ያው ነው። ካቻቢቴውን ጆሮው ላይ ደግፎ ሲያዳምጥ አጠገቡ ቆሜ "ጋሼ፣ ያ ቁልፍ..." ብዬ ጀመርኩ።

ዓይኑን ሳይገልጥ "ያልኩትን አታበላሽ" አለኝ። "ልጆች አሉህ። አሁን ዝም በል፣ ልስማት።"

 በዚያ ቃል ስንት ዓመት ተሸሸግሁበት መሰላችሁ። መንግሥት ተለወጠ፤ ጸሎት ቤቶቹ ተከፈቱ፤ የታሰሩት ሰዎች በየጉባኤው እየተነሱ መሰከሩ፣ ተጨበጨበላቸው። ለእሱ ማንም አላጨበጨበም፤ ሌባ መሐላቸው እንዲቆም አልፈለጉም። ሴት ልጁ ማርታ፣ መምህርት ናት፣ ቢሮዬ መጥታ ነበር። "ስለ ሥራው የምታውቂውን ጻፊልኝ፣ ጡረታውን ልጠይቅለት" አለችኝ። ፋይሉን ልፈልገው አልኳት። በሐሰት ፈርመሻል ቢሉኝ የእኔስ ጡረታ? ፋይሉ የት እንዳለ አውቅ ነበር። ሦስት ጊዜ ተመላልሳ ተወችው። ጋሽ ጅግሶ ካረፈ እነሆ አሥራ አንድ ዓመቱ። ለቀብሩ ሄጄ ከኋላ ቆምኩ፤ አንድ ሰው "እጁ ጎበዝ ነበር፤ ያችን ነገር ባያደርግ" ሲል ሰማሁ። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

ከድር ያን ቃል ከተናገረ በሳምንቱ ወደ ማርታ ቤት ሄድኩ።  ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። የሰጠችኝን ሻይ አልነካሁትም። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። 

"እናቴ ገበያ ስትሄድ ቦርሳዋን የሚደብቁባት ሰዎች ነበሩ" አለችኝ። "የሌባ ሚስት ብለው። ይኼን ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም ነበር" አልኳት።

"አሁን ለእኔ በቃል ብትነግሪኝ ምን ይሆንልኛል? ከተማው የሰማው በወረቀት ነው። አንቺም ጻፊው፤ ሰው ሁሉ ያንብበው።"

ይቅርታ ጠየቅኳት። "እሱን ኋላ እናየዋለን" አለችኝና ደብተርና እስክሪብቶ አምጥታ ፊቴ አኖረች። ሌላ አጻጻፍ ስለማላውቅ እንደ ቁልፍ መዝገቤ አድርጌ ጻፍኩት፦

የቤቱ ሁኔታ፦ ባዶ፣ ከጓሮው ገንዳ ያለው። ምክንያት፦ መዝጊያ ለማየት። ቁልፍ የተቀበለ፦ ጅግሶ። ቁልፍ የሰጠች፦ አስካለ፣ እያወቀች፣ በእጇ።

ፈረምኩና ደብተሩን ወደ እሷ ገፋሁት። ማርታ ድምፅዋን አውጥታ አነበበችው፤ ቀና አለችና ደግማ አነበበችው።

"ሰዓቱ የለም" አለችኝ።

"ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሩብ ነበር።"

"እሱንም ጻፊው" አለችኝ። ጻፍኩት።